ቧንቧ ሠራተኛው ሲደውል

ሐዋሳ፣ ከአዲስ ከተማ ወደ ሐይቅ ዳር በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠው ወጣት ስልኩ ጠራ።

«እማዬ፣ ሐዋሳ በሰላም ገብቻለሁ» ብሎ ዘጋው።

አጠገቡ ያሉት ሴትዮ ስክሪኑን አይተው ኖሯል።

«‹ቧንቧ ሠራተኛ› ይላል እኮ! እናትህ ቧንቧ ትሠራለች እንዴ?»

«አይ እማማ፣ እኔ ጋዜጠኛ ነኝ። ስልኬን ቢወስዱብኝ እሷን እንዳያስቸግሯት ብዬ ነው።»

«እነማን ናቸው የሚወስዱት?»

«እሱማ እንደ ዜናው ነው።»

«ሚስትህንስ ምን አልካት?»

«ጋራዥ።»

«ጎሽ። እናትህስ አንተን ምን ብላ መዘገበችህ?»

«‹ልጄ ጋዜጠኛው› ብላ።»

«ውይ! ቀይሪው በላት እንጂ!»

«ነገርኳት። ‹የወለድኩትን አልደብቅም› አለችኝ።»

ስልኬን አወጣሁና «እማዬ» የሚለውን ስም በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት።