የዘንገና ዳገት እና የአያ ሽመክት መኪና

ሐምሌ ላይ ነው፤ ዝናቡ ጥቂት ፋታ የሰጠበት እሑድ። ከእህቴ ልጅ ከፀደይ ጋር ዘንገና ለቅሶ ደርሰን በእግራችን ስንመለስ ነበር ያገኘናቸው። ከመንደሩ ወደ አስፋልቱ የምትወርደው የጠጠር መንገድ መጨረሻዋ ላይ ክፉ ዳገት አላት። ሚኒባስ አይደፍራትም፤ ባጃጅም ክረምት ላይ ወደ ኋላ ይንሸራተትባታል። ከዳገቷ ወገብ ላይ አንዲት ሴትዮ እርጥብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ከእሳቸው ትንሽ ከፍ ብላ አንዲት አሮጌ ነጭ የቤት መኪና ሞተሯ እየተንተፋተፈ ቆማለች።

ስንቀርብ አወቅኋቸው። የቆሰበር ከተማ ጎረቤቴ የአያ ሽመክት ባለቤት፣ እትዬ ዘውድነሽ ናቸው።

«ምነው እትዬ፣ ወደቁ እንዴ?» አልኳቸው።

«አልወደቅሁም መምህር። እንደ ወትሮዬ ዳገቱን በእግሬ ልወጣ ብዬ ነበር፤ ዛሬ እግሬ እምቢ አለኝ። እህቴ እታለማሁ ታማ ተኝታለች፤ ልጠይቃት ነበር የመጣሁት» አሉኝ።

አያ ሽመክት ከመኪናው ወርደው መጡ። በጉብዝናቸው ዘመን ስመ ጥር ፈረሰኛ ነበሩ፤ ዛሬ ደግሞ በየቀኑ የቀርከሃ ወንበርና መደርደሪያ በመኪናቸው ጣሪያ ላይ ጭነው ዳንግላ ወስደው ይሸጣሉ።

«መኪናዋ ሁለት ሰው ይዛ ይችን ዳገት አትወጣም» አሉ። «ሁልጊዜም ዘውዴ ከሥር ትወርዳለች፣ እኔ አውጥቼ ከላይ እጠብቃታለሁ። ፈረስም ቢሆን ዳገት ላይ ወርደው ነው የሚስቡት። ወግ ነው።»

ይህን ሲሉ የሚያሳፍር ነገር አልታያቸውም። በእርግጥም በእኛ አገር ጨዋ ፈረሰኛ ዳገት ላይ ከፈረሱ ይወርዳል። ግን በፈረሱ ጊዜ የሚወርደው ጌታው ራሱ ነበር። በመኪናው ጊዜ ጌታው መሪውን ይዞ ቀረ፤ የምትወርደው ሚስት ሆነች። በዝናብ ሲሆን በጭቃው፣ በጋ ሲሆን በአቧራው ከኋላ እየተከተለች። ይህን በሆዴ አልኩ እንጂ አፍ አውጥቼ አልተናገርሁም፤ ሽማግሌን መንገድ ላይ መገሠጽ አይገባም።

እትዬ ዘውድነሽን ደግፈን እናውጣዎት ብንላቸው አልቻሉም። ወደ መንደሩ አቅጣጫ ጥቂት ተመለከቱና «ተዉት፣ እንመለስ» አሉ። ሁላችንም መኪናዋ ውስጥ ገባን። አያ ሽመክት አዙረው፣ ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተሩን አጥፍተው ቁልቁለቱን ለቀቋት። ፀደይ መቀመጫውን ጭብጥ አድርጋ ያዘች። ይች ልጅ የመኪና ጥገና ተምራ ከጓደኞቿ ጋር ቆሰበር ላይ ጋራዥ ከፍታለች፤ ሰው ፊት ብዙ አትናገርም፣ የመኪና ነገር ሲሆን ግን አፏን መያዝ አይሆንላትም።

አስፋልቱ ላይ ሞተሩ ሲነሳ የሙቀት መለኪያውን አየችና፣ «አያ ሽመክት፣ ከቆሰበር እስከዚህ ነድተው ሞተሩ ገና በረዶ ነው። ቴርሞስታቱ የለም እንዴ?» አለች።

«ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃውን የሚያግደው ክዳን? ድሮ ነው ያስነቀልኩት። አንድ ሾፌር ሞተር እንዳይግል ይነቀላል ብሎ መከረኝ።»

«ይመለስ እንጂ። የአየር ማጣሪያውንም ባየው ደስ ይለኛል። አቅም ሊጨምር ይችላል።»

«አቅም ሲጨምር ቤንዚን ይጨምራል ልጄ። ከመስቀል በኋላ እናየዋለን» አሉና ወሬውን ወደ ዝናቡ አዞሩት። እትዬ ዘውድነሽ እስከ ቤታቸው ድረስ ጉልበታቸውን እያሹ ሄዱ።

መስቀል አለፈ። መኪናዋ በየማለዳው በራችን ላይ ስታስል እየሰማሁ ነው የምነሳው። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ፀደይን ይዤ አያ ሽመክት ዘንድ ሄድሁ። ግቢያቸው ውስጥ ወንበሮቹን ጣሪያው ላይ ሲያስሩ አገኘናቸው።

«ጤና ይስጥልን አያ ሽመክት። መስቀልም አለፈ ብለን ነው የመጣን።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግቡ፣ ተቀመጡ። መቼም ይች ልጅ መኪናዬን ሳታርድ አታርፍም!» አሉና ሳቁ። ከዚያ ግን ፊታቸው ከበድ አለ። «ስሚኝ ልጄ። የወንድሜ ልጅ ከባሕር ዳር መጥቶ ትልቅ ሞተር እናስገባላት ብሎኝ ነበር፤ እምቢ አልኩት። ማደያ ተሰልፌ ውዬ የማገኛት ቤንዚን ዳንግላ አድርሳ ለመመለስ እንኳን በመከራ ነው። ትልቅ ሞተር አስገብቼ ምን ላጠጣው?»

«እኔም ትልቅ ሞተር አልልዎትም።»

«ታዲያ አቅም ከየት ይመጣል? እኔ ፈረስ ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ፈረስ እንዲበረታ ገብስ ይጨመርለታል። ገብስ ሳይጨመርለት የበረታ ፈረስ በዚህ በአገው ምድር አላየሁም።»

«እውነትዎን ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ገብሱን ጠግቦ የሚበላ ፈረስ ዳገት ላይ ቢለግምብዎ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»

«ሰኮናውን አነሳለሁ። ጠጠር ገብቶበት እንደሆነ አያለሁ። የኮርቻው ማሰሪያ ጠብቆ ትንፋሽ ከልክሎት እንደሆነ አያለሁ። ጀርባው ተልጦ እንደሆነ አያለሁ።»

«ገብስ አይጨምሩለትም?»

«ሰኮናው ውስጥ ጠጠር ላለበት ፈረስ ገብስ ምን ይረባዋል!» አሉና እዚያው ላይ ቆሙ። በራሳቸው እግር የት እንደደረሱ ገባቸው። እኔም ፈገግታዬን ለመደበቅ ወደ ጎመኑ መደብ ዞርሁ።

ፀደይ ግን አልሳቀችም። የሞተሩን ክዳን እንድትከፍት ፈቃድ ጠይቃ ከፈተችው። የአየር ማጣሪያው አፍ ላይ የጋቢ ቁራጭ ተጠምጥሞበታል።

«ይሄ ምንድን ነው አያ?»

«የቆሰበርን ብርድ አታውቂውም? ማለዳ ማለዳ ውርጩን ስትስበው ደረቷን እንዳይመታት ብዬ ነው። ላብ ያለው ፈረስም በጨርቅ ይሸፈናል።»

«ለፍቅርዎ መቼም ወደር የለውም» አለች ፀደይ፤ ስታሾፍ አልነበረም። «ግን አፍንጫዋን አፍነው ደረቷን አበርደውታል። ሞተር የሚሠራው ቤንዚንና አየር አንድ ላይ ሲነድ ነው። አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ሳይነድ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ቴርሞስታቱ ስለሌለ ደግሞ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ አይሞቅም፤ ያልሞቀ ሞተር ቤንዚን ይጠጣል እንጂ አይጎትትም። ተሰልፈው የሚያመጡትን ቤንዚን በጭስ ማውጫው እያፈሰሱት ነው።»

«ሾፌሩ ግን ሞተር ይግላል ብሎኛል።»

«ቆላ ላይ ውኃ የፈላበት ሰው ይሆናል። እዚያም ቢሆን የታመመው ራዲያተሩ ነው፤ መታከም ያለበት እሱ ነው። በዚህ በእኛ ብርድ ላይ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ተገላቢጦሽ ነው።»

አያ ሽመክት የጋቢውን ቁራጭ አንስተው አገላበጡት። ጠቁሮ በዘይት ርሷል። «አባቶቻችንም ያልተማሩ አልነበሩም እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «እንስሳ እንዴት እንደሚያዝ ያውቁ ነበር።»

«አሳምረው ያውቁ ነበር። መኪና ግን እንስሳ አይደለም አያ። ሲደክመው አያርፍም፣ ሲቆስል አይጮህም። እርስዎ ካላዩለት ማንም አያይለትም።»

ሽማግሌው አሁንም ለመከራከር አፋቸውን ሲከፍቱ እትዬ ዘውድነሽ በምርኩዝ ከቤት ወጡ። ሁሉንም ሰምተው ኖሯል።

«ሽመክት፣ እኔም አንድ ነገር ልናገር» አሉ። «ከዚያች መኪና ስወርድ የኖርሁት ለመኪናዋ አዝኜ አይደለም። ውረጂ ስለምትለኝ ነው። ጉልበቴ ደህና ሳለ ምንም አልመሰለኝም። እታለማሁ እህቴ ብቻ አይደለችም፤ እናታችን ስትሞት አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ይኸው ስንት ወር ተኝታ ‹ዘውዴ መጣች ወይ› እያለች ትጠይቃለች አሉኝ። ስለ ገብሱም ስለ ቤንዚኑም አላውቅም። እኔ ግን ከእንግዲህ ዳገት ላይ አልወርድም። ወይ ይዛኝ ትውጣ፣ ወይ እቤቴ ልቅር።»

እትዬ ዘውድነሽ በሰው ፊት ባላቸውን ተናግረው አያውቁም። አያ ሽመክት ወንበሮቹን ያሰሩበትን ገመድ መፍታት ጀመሩ። «ዛሬ ዳንግላ ይቅር» አሉ። «ልጄ፣ ጋራዥሽ ክፍት ነው?»

ሥራው ከረፋድ እስከ ቀትር አልፈጀም። ይህን ሳስበው ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ፤ ክረምቱን በሙሉ ያቆየነው ጉዳይ የአንድ ረፋድ ሥራ ነበር። ቴርሞስታቱ ተመለሰ፣ ማጣሪያው ተቀየረ፣ ቤንዚኑን የሚለኩሱት ያረጁ ካንዴላዎች በአዲስ ተተኩ። ጎማዎቹ ልምሾ ሆነው ስለነበር ንፋስ ተሞሉ፤ አያ ሽመክት ጠጠሩ እንዳያንገላታት ብለው ነበር ያጎደሏቸው። የኋላውን ጎማ ፀደይ ከመሬት አንስታ በእጇ ብታሽከረክረው እንቅ ብሎ ቆመ። ፍሬኑ ጠብቆ ሁልጊዜ ይይዘው ነበር።

«ይኸው ጠጠሩ» አሉ አያ ሽመክት፣ ማንም ሳይነግራቸው። «ይችን ፍጥረት እጅና እግሯን አስሬ ነው ለካ የምገርፋት።»

ፀደይ ፍሬኑን አላልታ፣ የጣሪያውን የዕቃ መጫኛ ብረት፣ ፖርቶ መጋላውን፣ ጭነት በሌለበት ቀን እንዲያወርዱት፣ ቁልቁለት ላይም ሞተሩን እንዳያጠፉ መክራ ለቀቀቻቸው። ሞተሩ ጠፍቶ ፍሬን ሲደነድን ሰው ገደል ይገባል አለቻቸው። እሳቸውም እሺ አሉ።

በማግስቱ ዘንገና ሄደን እታለማሁን ልንጠይቅ ነበር። ግን ለሰኞ ገበያ ቃል የገቡት ወንበር ስለነበረ አያ ሽመክት «እስከ መጪው እሑድ ምን አላት» አሉ። እትዬ ዘውድነሽም ደስ ብሏቸው ስለነበር አልተከራከሩም፤ ለእህታቸው የሚወስዱትን ማር ማዘጋጀት ያዙ። አያ ሽመክት ሳምንቱን ሙሉ ዳንግላ ደርሰው ሲመለሱ መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ እያስቆሙ የተረፈውን ቤንዚን ከመለኪያው ላይ ያሳዩ ነበር። እንደ ልጅ ነበር የሆኑት።

ዓርብ ጠዋት መርዶ መጣ። እታለማሁ አርፈዋል።

አራታችንም በዚያችው መኪና ሄድን። ዳገቷ ሥር ስንደርስ አያ ሽመክት ከልማድ የተነሳ ፍጥነታቸውን ቀነሱ። እትዬ ዘውድነሽ ፊታቸውን ሳያዞሩ «ንዳ» አሉ። ማርሽ ወደ ሁለተኛ ቀየሩና መኪናዋ አራት ሰው ይዛ ያለ አንዳች ማመንታት ወጣችው። ማናችንም ጎበዝ አላልናትም። ያ ሁሉ ዘመን በእግር የተለካ ዳገት እንዲህ አጭር መሆኑን ሳይ አንገቴን ደፋሁ። አያ ሽመክት መሪውን እንደያዙ እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል፤ ባለቤታቸው በአዊኛ እህታቸውን እየጠሩ ያለቅሳሉ። እንደዚያ ሆነን ነው ድንኳኑ ደጃፍ የደረስነው።

ከቀብር መልስ ወንዶቹ በተቀመጡበት፣ ወገኔ የሚባለው የሟች የወንድም ልጅ ከአያ ሽመክት አጠገብ ተቀመጠ። እሱም የእሳቸውን የመሰለች አሮጌ መኪና አለችው፤ ድንች ይጭንባታል።

«አያ፣ መኪናዎ እኮ እንደ አዲስ ሆናለች። ሞተር አስቀየሩ?»

«አልቀየርኩም። ያላትን አቅም ነው የመለስሁላት» አሉ። የድሮው ክርክር ከድምፃቸው ጠፍቷል። «ሞተሯ ይሞቅ፣ አየር ታግኝ፣ ጎማዋ ንፋስ ይኑረው፣ ፍሬኗ አይያዛት። ሌላ የለውም። ዳገት ትወጣልሃለች፣ ቤንዚንህም ይተርፋል እንጂ ተጨማሪ አትጠጣም፤ እኔ አይቼዋለሁ። ጭሷ ይጠፋል፣ ማለዳ ሳትለምናት ትነሳለች። የታመመ ሰው ከመንደር ብታወጣ፣ ነፍሰ ጡር ብታደርስ መንገድ ላይ ውረዱ አትልም። ፀደይ ጋ ውሰዳት፤ በአንድ ረፋድ ትጨርስልሃለች።»

«እሺ አያ፣ እወስዳታለሁ። ድንቹ ይነሳና፣ ከገና በኋላ...»

አያ ሽመክት ቀና ብለው ሴቶቹ ወዳሉበት ተመለከቱ። እትዬ ዘውድነሽ የእህታቸውን ነጠላ ታቅፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

«ከገና በኋላ ይደርሳል ወይ ብለህ እሷን ጠይቃት» አሉት።

ወገኔ አልጠየቃቸውም። በማግስቱ ጠዋት ጋራዡ ገና ሳይከፈት በሩ ላይ ቆሞ አገኘነው።