ሁለት ጊዜ የተነበበ ደብዳቤ

አይ፣ አይ፣ መርፌዎቹን ከአፍሽ አታውጪ የኔ ልጅ፤ አንቺ የቀሚሴን ጫፍ ስፊልኝ፣ እኔ አወራሻለሁ። ብርሃኑ ዛሬ እንዴት ደህና ገብቶልሻል! መስኮቱን አጠብሽው እንዴ? ... ቀሚሱ ከቁርጭምጭሚቴ ትንሽ ከፍ ይበል። ሰሞኑን ደስታ እግሬን አቅልሎታል፤ ደረጃውን እየዘለልኩ ነው የምወጣው። በዚህ ዕድሜ!

የልጅ ልጄን ታውቂያት የለ? ያችን ሁልጊዜ ኮምፒውተር ላይ ተደፍታ የምታገኚያትን? ከሦስት ጓደኞቿ ጋር መልእክት የሚቆልፍ ፕሮግራም ሠሩ። እኔ አራተኛ ክፍልን በሩ ላይ ሰላም ብዬ የተመለስኩ ሰው ነኝ፣ ግን አስረድታኛለች። የጓጉንቸሩን ሆድ ዕቃ ለዓለም ሁሉ ገልጠው ያሳያሉ፤ የፈለገ ይየው፣ የፈለገ ይረመው፣ የፈለገ በነጻ ይውሰደው። የሚደበቀው ቁልፉ ብቻ ነው። «ሆዱ ታይቶ ያልተሰበረ ነው ጠንካራ ጓጉንቸር የሚባለው፣ አያቴ» አለችኝ። ወይ ጉድ! ሰውም እንዲህ ቢመዘን ስንቱ ይሰበር ነበር? ...

ታዲያ ኮሌጁ «በሦስት ወር ውስጥ አማካሪ አግኝታችሁ ካላስፈረማችሁ የዓመት ሥራችሁ ይሰረዛል» አላቸው።

አንድ ሊቅ አሉ። ስም አልጠራም፤ የስም ነገር አይሆንልኝም። የማን ወንድም፣ የማን ዘመድ እንደሆኑም አልጠይቅም ... ክሩን በጠስሽው እንዴ? ቀስ በይ። እንዴት ያሉ ጥንቁቅ ሰው መሰሉሽ! የሚያስተምሩት ይህንኑ የምስጢር መቆለፍ ትምህርት ነው። ኮምፒውተር ላይ በስማቸው ገጽ አላቸው፤ እዚያ ላይ ክፍት ጓጉንቸር አስቀምጠው «የሚጽፍልኝ ሁሉ ደብዳቤውን በዚህ ይቆልፈው፤ መክፈቻው እኔ ዘንድ ብቻ ነው» ብለዋል። ልጆቹም ታዘዙ። ቆልፈው ላኩላቸው።

አንድ ወር ሄደ። «እያነበብኩት ነው» አሉ። ሁለተኛው ሄደ። «ጥልቅ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል» አሉ። አይ ትጋት! አላስችል ብሎኝ ቢሯቸው ድረስ ሄድኩ። በተማሪ ፊት ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «እማማ፣ ይሄ የማንበብ ጉዳይ ነው፤ እርስዎ አይገባዎትም።» እንዴት ያለ አስተዋይነት! እኔን ለማወቅ አንድ እይታ በቃቸው። እኔ ደንቆሮዋ ግን እሳቸውን ለማወቅ ሦስት ወር ፈጀብኝ ...

ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ልጅቷን አስጠሯት። «ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሦስተኛው ምዕራፍ ሳስቷል፤ እንዲህ ያለ ሥራ አላማክርም» አሏት።

እቱ፣ መርፌውን ያዢው፣ እንዳትውጪው! ደብዳቤው እኮ አንዲት መስመር ነበረች። «ያማክሩናል ወይ?» የምትል አንዲት መስመር! ሦስተኛው ምዕራፍ ከየት ወጣ? ያላዩት አገር አይናፍቅም ይላሉ፤ ያላነበቡት ደብዳቤ ግን ለካ ይታረማል። ልጅቷ መጥታ ስትነግረኝ መጀመሪያ ተላቀስን፣ ከዚያ ሳቅ ያዘን። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ጎኔን ይዤ ሳቅኩ!

የኮሌጁ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው ምስጢሩን ያወጣላት። መክፈቻው የነበረው አሮጌው ኮምፒውተራቸው ውስጥ ነው። እሱን ደግሞ ውስጡን ከነመክፈቻው ጥርግርግ አድርገው ለዘመድ ሰጥተውታል። አይ ደግነት! ... እኔ የምልሽ፣ ይሄን የቀሚስ ሞዴል የምታሳዪንበትን ኮምፒውተር ከማን አገኘሽው? ተይው፣ ተይው፣ አትመልሺልኝ፤ መርፌው ምላስሽን ይወጋዋል።

«ቁልፌ ጠፋብኝ» ማለት ይሄን ያህል ይከብዳል? ሁለት ቃል እኮ ናት። ያልተማርኩት እኔ በቀን አሥር ጊዜ እላታለሁ።

ልጅቷ ያችኑ መስመር፣ ሳትቆልፍ፣ ለማታውቃት አንዲት የሩቅ መምህርት ላከች። ሥራው ለሁሉ የተገለጠ አይደል? ሴትዮዋ ገብታ አየችው። አንድ ቀን ሲቀረን መልስ መጣ፦ «አርባ አንድ ስህተት አግኝቻለሁ። ሦስቱ ከባድ ናቸው፣ ከእነሱ ጀምሩ። ፈርሜያለሁ።» አርባ አንድ! ልጆቹ ተቃቅፈው ጨፈሩ፣ እኔም አብሬ። ለካ አንብቦ የሚነቅፍ ሰው ነቀፌታውም ይጣፍጣል።

እኔ ደግሞ ውለታ አልረሳም። የነገሩትን የማይረሳ እግዜር ነው ይባላል፤ ያልነገሩትን የማይረሱ ግን እኚህን ሊቅ ብቻ አየሁ። ባለፈው የሰጠሽኝን የቀይ ክር ትርፍራፊ አስታወስሽው? ገመድኩት፤ ወፈር ያለ የቁልፍ ማንጠልጠያ ወጣው። ሴትዮዋ በፈረመች በነጋታው ጠዋት፣ ኮሪደሩ በተማሪ ሲተራመስ፣ የቢሯቸው በር እጀታ ላይ አሰርኩት። ብቅ ሲሉ ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ ሁሉም እየሰማ፣ ከልቤ መረቅኳቸው፦

«ልጄ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ። የተዘጋው ሁሉ ይከፈትልህ። ስታረጅም የልጅ ልጆችህ ደብዳቤ አያቋርጡብህ ... እግዜር ሳይከፍቱ የማንበብ ጸጋህን ያቆይልህ።»