አናጺውና የነርሷ ጥያቄ

ዕድሜው ከስልሳ የዘለለ፣ እጁ ከእንጨት፣ ምላሱ ከቀልድ ጋር የተስማማ አንድ አናጺ ነበር። አንድ ረፋድ የሰፈሩ ክሊኒክ በር አልዘጋ ብሎ ቢጠሩት መላጊያውን ይዞ ሄደ። በሩን ነቅሎ እየላገ ሳለ፣ አንዲት ነርስ ሁለት አዳዲስ ባልደረቦቿን ስታለማምድ ሰማ።

«ዙሪያ ጥምጥም አትሂዱ። ‘ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?’ ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ» ትላቸዋለች።

አናጺው መላጊያውን አስቀመጠ። ነርሷ ስትወጣ ጠብቆ፣ «ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ጆሮ በር የለውም። እንዲህ ያለ ጥያቄ የተኛ አውሬ መቀስቀስ አይሆንም?» አላት።

ነርሷ ሥራ ቢበዛባትም ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። «አይሆንም አባባ። እኔም ሥራ ስጀምር እንደ እርስዎ እፈራ ነበር። መጠየቅ ግን ሐሳቡን አይተክልም። የሌለበት ሰው ‘የለም’ ይላል፤ ያለበት ደግሞ ለብቻው የተሸከመውን የሚያዋየው ያገኛል።»

«የሚያወራ አያደርገውም ይባል የለ?»

«ይባላል፤ ስህተት ነው። እንደ ቀልድ ቢናገረውም በቀልድ አናልፈውም። ‘ሸክም ሆንኩባችሁ’ ካለ፣ ከሰው ከራቀ፣ የሚወደውን ዕቃ ያለ ምክንያት ካደለ…»

አናጺው ከዚህ ወዲያ አልሰማትም። ታናሽ ወንድሙ ጸጉር አስተካካይ ነው። ሚስቱ ከሞተችበት ጀምሮ ዝምታ አብዝቷል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ማንንም የማያስነካውን መቀስ ለሌላ አስተካካይ ሰጠ። «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል?» ሲለው፣ አናጺው «ጡረታ አማረህ እንዴ!» ብሎ ስቆ አልፎት ነበር።

«ወንድሜን… ምን ልበለው?» አላት፣ የመቀሱን ነገር ነግሯት።

«አሁኑኑ ይሂዱና ይጠይቁት። አይቆጡት፣ ያዳምጡት። ከዚያ ለብቻው ሳይተዉት ይዘውት ይምጡ፤ እጠብቃችኋለሁ።»

ወንድሙን በባዶ ሱቁ በደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘው። አናጺው በመንገድ ያሰበው ንግግር ሁሉ ጠፋበት።

«ወንድምዬ፣ ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?»

ታናሹ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ፣ «ጋሼ፣ አንድ ሰው እስኪጠይቀኝ ስንት ቀን ጠበቅሁ» አለ።

ተያይዘው ክሊኒክ ሲደርሱ ነርሷ ቃሏን ጠብቃ ቆየቻቸው። ሐሳቡ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ የቆረጠው ነገር እንዳለ፣ ከዚህ በፊት ሞክሮ እንደሆነ፣ ለመኖር የሚያጓጓው ምን እንደቀረ አንድ በአንድ ጠየቀችው። ፊቷ አንዴም አልጨፈገገም። ሐኪሙም አይቶት ለሐዘኑ ሕክምና ጀመረለት።

አናጺው ግን አንድ ጥርጣሬ ቀረው። «አደጋው ከመቶ ስንት ነው? በቁጥር ንገሪኝ።»

«አባባ፣ እንጨት በሜትር ይለካል፤ ሰው ግን በነጥብ ተደምሮ አይታወቅም። ስለዚህ ቁጥር ሳይሆን ዕቅድ ነው የምንሰጣችሁ።»

ዕቅዱን ከወንድምየው ጋር ሆና በራሱ ቃል ጻፈችው። ክፉ ሐሳብ መምጣቱን በምን ያውቃል? መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ለማን ይደውላል? አደገኛ የሆነውን ሁሉ አናጺው ከቤት ሊያርቅ፣ ታናሹም ለጊዜው ታላቁ ቤት ሊያድር ተስማሙ። በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። ታናሹ ከቀጠሮ በቀረ ዕለት ነርሷ ራሷ ደወለችለት። «እኛ በር ስንሠራ ይህች ልጅ ሰው ትሠራለች» ይል ነበር አናጺው፣ ባገኘው ሁሉ ፊት።

ከወራት በኋላ ወንድምየው ሱቁን መልሶ ከፈተ። ክፉ ቀን አሁንም ይመጣበታል፤ ልዩነቱ፣ ሲመጣበት ይናገራል።

አንድ ቀን የአናጺው ጎረቤት የሆነ ግንበኛ፣ ልጁ ከክፍሏ አልወጣ ማለቷን ነግሮት፣ «ብጠይቃት ሐሳብ አስገባባት ይሆናል፤ ደግሞም ነውር ነው» አለው።

አናጺው እጁን ያዘው። «እኔም እንዳንተ ነበርኩ። ዝም ያልኩት ላለማስደንገጥ ነው እያልኩ፣ ለካ የፈራሁት መልሱን ነበር። ጠይቃት፤ አድምጣት፤ ብቻዋን አትተዋት፤ ወደሚያውቁት ውሰዳት። ሐሳቡ ባይኖርባት እንኳ አባቷ እንደሚያስብላት ታውቃለች። ካለባት ደግሞ ልጅህን ታተርፋለህ።»

ግንበኛው ሥራውን ትቶ ወደ ቤቱ ገሰገሰ።