ከግንቡ ወዲያ ያለው ጩኸት

ሐጂ ኑርሑሴን ሙግት የሚወዱ ሰው አይደሉም። በባሕር ዳር ገበያ ሠላሳ ዓመት እህል ሲነግዱ ከማንም ጋር ተካሰው አያውቁም፤ ሱቁን ለወንድማቸው ልጅ ለቀው ቤት ከዋሉ ወዲህ ደግሞ ከመስጊድና ከቤታቸው በቀር የሚያዘወትሩት ቦታ የለም። ያን ሐሙስ ጠዋት ግን በግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ከአንድ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ፣ ከረጅሙ አግዳሚ ላይ፣ ከዘራቸውን በጉልበቶቻቸው መካከል ተክለው ተቀምጠው ነበር። ሊከሱ ነው የመጡት። ማንን ቢሉ፣ ሰፈሩን በሙሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው አሪፋ አንበሳሜ ከተማ በአስተማሪነት ስትቀጠር፣ ባሏም በመኪና ሥራ አገር ላገር የሚዞር ስለሆነ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጇን ሱምያን ለእሳቸው ትታላቸው ሄደች። ሐጂ ሚስታቸው ካረፉ ጀምሮ ቤቱ ኦና ሆኖባቸው ነበርና፣ ሕፃኗ ስትመጣ ነፍሳቸው መለስ አለች። አሁን ግን ሱምያ በስልክ እናቷን አልቅሳ ወረታ ካሉት የአባቷ እናት ዘንድ ውሰጂኝ ብላ ለምናለች። አሪፋም ልጅቷ እንቅልፍ አጥታለች፣ በትንሽ በትልቁ ትደነግጣለች፣ ስትጠራ እንኳ አቤት አትልም፤ እሑድ መጥቼ እወስዳታለሁ ብላ ቁርጡን ነግራቸዋለች። ሽማግሌው ነገሩን ሦስት ቀን ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰንብተው፣ ልጅቷን የሚያሸሽብኝ የመንደሩ ጫጫታ ነው ከሚል ሐሳብ ላይ ደረሱ። ጫጫታው ከቆመ ልጅቷ ትቀርላቸዋለች።

ችግሩ፣ ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው መጻፍ አለመቻላቸው ነው። ደግነቱ አግዳሚው ላይ አንዲት ወጣት ወረቀት ጉልበቷ ላይ አድርጋ የራሷን ማመልከቻ ትጽፍ ነበር። ልጄ፣ የእኔንም ብትጽፊልኝ አሏት። ፀሐይወርቅ ትባላለች፤ ከአዳማ መጥታ ኮሌጅ ውስጥ ማስተማር ከጀመረች ሦስት ሳምንቷ ነው። ደስ እያላት ሌላ ወረቀት አወጣች።

ሐጂም ተናገሩ፣ እሷም ጻፈች። ገና ሳይነጋ ከሰው በር ላይ ቆሞ ጡሩንባ የሚያንባርቅ ባጃጅ አለ፤ ወርዶ ማንኳኳት የሞት ሞት የሚሆንበት። ድምፅ ማጉያ አንጠልጥሎ ልባሽ ጨርቅ የሚሸጥ አለ። ስልኩን ድምፁን ከፍቶ የቤቱን ገመና ለመንገደኛ የሚያሰማ አለ። ብረት የሚቆርጠውማ አይነሣ። እየተናገሩ ሳለ የድሮዋ ባሕር ዳር ትዝ አለቻቸውና ክሱን ረሱት። ያን ጊዜ ከሥራ የሚወጣው ሰው ሁሉ በብስክሌት ነበር፤ ከዘንባባው ሥር የሚሰማው የብስክሌት ደወል ብቻ ነበር፤ ሰው ለሰው ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ ቆሞ፣ ወርዶ፣ ቀስ ብሎ ነበር። ወጣቷ ብዕሯን አንሥታ አዳመጠቻቸው፤ ይህን ማመልከቻ ላይ መጻፍ አይቻልም።

«አንቺስ ልጄ፣ ማንን ልትከሺ ነው?» አሏት በመጨረሻ።

ፀሐይወርቅ ጥቂት አመነታች። የምትከሰውን ሰው መልክ አይታ አታውቅም። ቤታቸው ጀርባ ለጀርባ ነው፤ የሷ በር በአንደኛው መንገድ፣ የሰውየው በሌላው ይወጣል። ከግንቡ ወዲያ አንድ ትልቅ ሰው ጧትና ማታ በረንዳ ላይ ቆመው አንዲት ሕፃን ላይ ይጮኻሉ አለች። ስትነቃም ስትገባም የምትሰማው እሱን ነው።

«እኔንስ ይተዉኝ፤ ጆሮዬን እደፍናለሁ፤ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የልጅቷን ድምፅ አንድ ቀን አልሰማሁም።»

ሐጂ ኑርሑሴን ደማቸው ፈላ። ሰው እንዴት በገዛ ልጁ እንዲህ ይጨክናል፣ ይህ ሰው አላህን አይፈራም ወይ አሉ። ጻፊ፣ ጠበቅ አድርገሽ ጻፊ፣ እኔም ምስክር እሆንሻለሁ፣ ሁለቱን ወረቀት አብረን እናስገባለን አሏት። ወጣቷም ምስክር በማግኘቷ በረታችና ያልጻፈችውን አንድ ነገር አነሣች።

«ሁልጊዜ የሚሏት አንድ አነጋገር አለ። ‹ጆሮሽ ውስጥ ጣና ገባ ወይ?› ይሏታል።»

ሐጂ ክው አሉ። ይህን አነጋገር በዚያ ሰፈር ከእሳቸው በቀር የሚናገረው ሰው የለም፤ ከአባታቸው የወረሱት ነው።

እንግዲህ የታወቀ ነው፣ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ወይ ይቅር በሉኝ ይላል፣ ወይ ይቆጣል። ሐጂ ቁጣ ቀለላቸው። ብድግ አሉና፣ ማመልከቻቸውን ከእጇ ወስደው፣ ደኅና ዋይም ሳይሉ ወደ ሐይቁ የሚወስደውን መንገድ ተያያዙት። ፀሐይወርቅ ነገሩ የገባት ዘግይቶ ነው፤ ሲገባት ፊቷ ተለዋወጠ። ሽማግሌው ከዘራቸውን አግዳሚው ላይ ረስተውት ኖሮ፣ እሱን ይዛ ተከተለቻቸው። ውኃው ዳር፣ ከአንድ ዋርካ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ፤ እርስዎ መሆንዎን አላወቅኩም» አለች ከዘራውን በሁለት እጇ እየሰጠች።

«ተይው፤ የጻፍሽው እውነት ነው። ግን የልቤን ልንገርሽ። ልጅ ካልተጮኸበት ስድ ይወጣል። እኔን አባቴ እየጮኹ አሳደጉኝ፤ ይኸው ሰው ሆንሁ። ሱምያን አንድ ጊዜ ጠራኋት፣ አልሰማችም፤ ሁለት ጊዜ ጠራኋት፣ አልሰማችም። ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ሳይጮኹ ጠርተዋት ያውቃሉ?»

ሐጂ አሰቡ፤ ትዝ የሚላቸው ቀን አልመጣም። በዚህ ፈንታ ወደ ዛሬ ዘመን ሰው ዞሩ፤ እናንተ የተማራችሁት ልጅን እንደ እንግዳ ልታስተናግዱ ትፈልጋላችሁ፣ ልጅ የሚገባው ሲቆጡት ነው፣ ዛሬ ያባበልሽው ነገ ይንቅሻል እያሉ ብዙ ተናገሩ። ወጣቷ አላቋረጠቻቸውም። ሲጨርሱ ትምህርት ቤት የተማረችውን ትታ የራሷን ቤት ነገረቻቸው።

«አባቴ ደግ ሰው ነበር፤ ግን ይጮህ ነበር። ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ምክሩን ላስታውስ ብዬ ስሞክር አንድም ቃል አይመጣልኝም፤ የሚመጣልኝ ጩኸቱ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ቃሉን አልነበረም የምሰማው፤ መቼ እንደሚያበቃ ነበር የምጠብቀው። አንድ ቃሉን ባስታውስ ምን ያህል ደስ ባለኝ። የእርስዎም ልጅ ጆሮዋ ደኅና ነው፤ እሷም እስኪያበቃ ነው የምትጠብቀው። ስታጠፋ ዝም ይበሉ አላልኩም። ይቆጡ፣ ይከልክሉ፤ ግን ቀርበው፣ ፊቷን እያዩ ይሁን።»

ሐጂ ከዘራቸውን አፈሩ ላይ ሰኩ። እሷም አንድ ጥያቄ ጨመረች።

«አባቴ እየጮኹ አሳደጉኝ ብለዋል። ቤት ውስጥ፣ አጠገብ ላጠገብ ሆናችሁም ይጮኹብዎት ነበር?»

ሽማግሌው አዎ ሊሉ ነበር። ግን ዓይናቸው ውኃው ላይ ነበርና ልጅነታቸው መጣባቸው። ከከተማው ማዶ ካለችው መንደር አባታቸው እህልና ጨው በታንኳ ያመላልሱ ነበር። ኑርሑሴን አሥር ዓመት ሲሞላው ትንሿን ታንኳ ብቻውን እንዲቀዝፍ ተፈቀደለት። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ጉማሬ ውኃው ዳር ከበቀለው ደንገል ሥር ብቅ ይላል፤ ልጁ ደግሞ ዓሣ ሲያይ፣ ወፍ ሲያይ ይረሳል። አባት ከዳር ድንጋይ ላይ ቆመው በሙሉ ጉሮሯቸው ይጣራሉ፤ ወደ ደንገሉ አትጠጋ፣ ወደዚህ፣ ወደዚህ በል፣ ጆሮህ ውስጥ ጣና ገባ ወይ? ታንኳዋ ዳር ስትደርስ ያ ሁሉ ድምፅ የት ይገባ እንደነበር እንጃ። አባት ጎንበስ ብለው እጁን ይይዙታል፣ ጋቢያቸውን ያለብሱታል፣ ከዚያ እሱ ብቻ በሚሰማው ድምፅ «በረደህ ወይ?» ይሉታል። ቤትም ውስጥ እንዲያው ነበሩ። ሲቆጡ እንኳ አጠገባቸው አስቀምጠው ነው። ሐጂ ይህን ሁሉ ስድሳ ዓመት ሙሉ ያውቁት ነበር፤ ያሰቡት ግን ያን ቀን ነው።

«የለም» አሉ ሐጂ። «እሳቸው የሚጮኹት በመካከላችን ውኃ ሲኖር ነው። እኔን ከሞት ሊያስጥሉኝ ነው የሚጮኹት። እኔ ጩኸቱን ብቻ ይዤ ቀረሁ፤ በየብስ ላይ፣ እንጀራ ቀርቧል ለማለት እጮኻለሁ።»

ፀሐይወርቅ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ ወደ ሌላ በኩል ዞረች።

አንባቢ ሆይ፣ ምክር መስማት ቀላል ነው፤ ቤት ወስዶ መሥራቱ ነው ጭንቁ። የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ ራት ሲቀርብ፣ ሐጂ እንደ ልማዳቸው በረንዳ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ያዝ አደረጉትና ደረጃውን ወረዱ። ሱምያ ከግቢው ጥግ፣ ከፓፓያው ሥር ብቻዋን ትጫወት ነበር። ሲመጡ አየቻቸው። አጠፋሁ ብላ ይሆን፣ ጀርባዋን ከግንቡ አስጠግታ ሁለት ጆሮዋን በእጇ ያዘች። ሽማግሌው ቀጥ ብለው ቆሙ። ሁልጊዜ ከበረንዳው ስለሚጣሩ፣ ልጅቷ ስትጠራ ፊቷ ምን እንደሚመስል አይተውት አያውቁም ነበር። ጉልበታቸው እያቃሰተ ከመሬት ተቀመጡ።

«ምን አጠፋሁ አባባ?» አለች ሱምያ።

«ምንም። ራት ቀርቧል፤ ልጠራሽ ነው የመጣሁት።»

ልጅቷ እጇን ከጆሮዋ ያወረደችው ቀስ ብላ ነው። ዓርብም ቅዳሜም ሐጂ እየሄዱ ጠሯት። አንድ ጊዜ ረስተው ጮኹ፤ ያን ጊዜ ጉሮሯቸውን ይዘው መለስ አሉና ቀርበው አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አሏት። ሕፃን ልጅ ሆና አውፍ በይኝ መባሏ ግራ ገብቷት ስትስቅ፣ እሳቸውም ሳቁ።

እሑድ ረፋዱ ላይ አሪፋ ከአንበሳሜ መጣች፤ የሱምያን ልብስ ልትሸክፍ ባዶ ሻንጣ ይዛለች። ሐጂ ሻይ ሳይቀርብ ነገሩን ሁሉ አንድ በአንድ ነገሯት፤ ቀበሌውን፣ ወጣቷን፣ ታንኳውን። ያሳፈራቸውን እንኳ አልደበቁም። ከዚያ ለሱምያ ብቻ ሳይሆን ለራሷ ለአሪፋም አውፍ በይኝ አሏት። አሪፋ ባዶውን ሻንጣ ከጎኗ አኖረች።

«አባባ፣ እኔ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው» አለች። «ስልኬ ላይ የእርስዎን ስም ባየሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ልቤ ይመታል። ምን አጠፍቼ ይሆን እላለሁ። እርስዎ ግን ሁልጊዜ የሚደውሉት ደኅንነቴን ሊጠይቁ ነው።»

ይህ ከሰሙት ሁሉ የከፋባቸው ነው። ልጃቸው ስልክ ሳታነሣ ስትቀር ሥራ በዝቶባት ይመስላቸው ነበር።

አሪፋ ልጇን ጠርታ ወረታ ትሄጃለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ አለቻት። ሐጂ ቅሪ ብለው ሊለምኗት ምላሳቸው ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ይህ የሷ ነው ብለው ዋጡት። ሱምያ አያቷን አየች፣ ሻንጣውን አየች፣ አሰበች።

«እስከ ክረምት ልያቸው» አለች።

እናትና አያት ሳቁ፤ ሐጂ ግን ሲስቁ እንባቸው ወረደ። ሻንጣው ባዶውን ወደ አንበሳሜ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ግቢ የሆነውን መናገር ለሌላውም ይጠቅማል። ልጅቷ በአንድ ጥሪ አቤት ማለት ጀመረች፤ እንዲያውም ቀድማ ትመጣለች። ሌሊት እንቅልፏን ትተኛለች፤ በትምህርቷም አስተማሪዋ እጇን ማንሣት ለመደች ብላ ላከች። ሐጂ ራሳቸው የራስ ምታታቸው ቀለለላቸው፤ ለካ የሚያማቸው የገዛ ጩኸታቸው ኖሯል። የባጃጁንም ሹፌር ደጅ ወጥተው በለሰለሰ አንደበት ቢያናግሩት፣ ይኸው አሁን ወርዶ ያንኳኳል። አሪፋ ሳትጠራ ራሷ ትደውላለች። ፀሐይወርቅም ከግንቡ ወዲያ አሁን የሕፃን ሳቅ ትሰማለች፤ ለዚህ ማመልከቻ አያስፈልግም። ቁጣ ከቤቱ አልጠፋም፤ ልጅ ነችና ታጠፋለች፣ ትከለከላለች። ግን የተከለከለችውን ከነምክንያቱ ታስታውሳለች።

ክረምቱ ገብቶ፣ ስለ ወረታ ያነሣ ሳይኖር፣ አንድ ቀን ከዐሥር ሰዓት በኋላ ሐጂ በረንዳ ላይ ዝናቡን እያዩ ተቀምጠው ሳሉ ሱምያ ከጓዳ ወጣች። በሁለት እጇ ፔርሙዝ ይዛለች። ሟች ሚስታቸው ከሐጅ ሲመለሱ ከጅዳ ተሸክመው ያመጡት ፔርሙዝ ነው፤ በቤቱ የሚስታቸው የሆነ ዕቃ ከዚያ ሌላ እምብዛም የለም። ልጅቷ ስትራመድ ውስጡ ተንኮሻኮሸ። ማንም አላያትም ነበር፤ መልሳ መደርደሪያው ላይ ብታስቀምጠው እስከ ማግስቱ የሚያውቅ አልነበረም።

«አባባ፣ ሰበርሁት» አለች። «እኔ ነኝ።»

ሐጂ ኑርሑሴን ፔርሙዙን ተቀብለው ከጎናቸው አኖሩት። የሚስታቸውን ዕቃ በመዳፋቸው አንድ ጊዜ ዳበሱት። ሱምያ አልሸሸችም፤ ፊታቸውን እያየች ጠበቀቻቸው።

«እጅሽን ቆረጠሽ ወይ?» አሏት።

«አልቆረጠኝም» አለችና አጠገባቸው ተቀመጠች።