ለወንድሜ የታሰበችው ጊደር

ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ መኪና ይዞ የመጣው እኔን "ከችግር ሊያወጣ" ነው። ነገሌ ካምፕ ያደግሁ የወታደር ልጅ፣ ቦረና አግብቼ ገጠር ላም ማለቤ እንቅልፍ ነስቶታል። ገና ሳይቀመጥ "ልብስሽን ሰብስቢ!" አለኝ። "አልሄድም! ምን ጎድሎኝ?" አልኩት። ጥቅምት ነው፤ ዝናቡ ጥሎልን ሣሩ እስከ ጉልበት ደርሷል፣ ወተቱን ጠጥተን አንጨርሰውም። ተመስገን ብዬ የምኖርበትን ቤት ችግር ይለዋል እንዴ?

አማቴ ጭቅጭቃችንን ከቁብ ሳይቆጥሩ እንደ አገራቸው ደንብ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀመሩ፤ እኔ በመሃል አስተረጉማለሁ። "ናጋ? ሰላም ነህ? ከብቱ ናጋ?" "ከብት የለኝም፣ እማማ።" "ሣሩስ?" "ሣርም የለም።" "ጎረቤትህስ ደህና ነው?" ወንድሜ ትንሽ አሰበና "አላውቀውም" አላቸው። አማቴ ደነገጡ። እኛ ዘንድ ከብት ያለቀበት ሰው ሲገኝ ዘመድ ተሰብስቦ ላም ያዋጣለታል። "ወንድምሽ እንዲህ ተጎድቶ ዝም ትይኛለሽ?" ብለው ተቆጡኝ። "ነገ ዘመድ ይጠራ። አንዷን ጊደር እኔ እሰጣለሁ።"

ወንድሜ ሳቀ። "እማማ፣ እኔ የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ ነው፤ ጊደሯን የት ላስራት?" ይሄንንም ሳልቀንስ ተረጎምኩላቸው። አማቴ አልሳቁም። በሐዘን አዩት፣ አዩትና "የሚያስርበት መሬትም የለው? እንግዲያው የትም አይሄድ፣ ከእኛ ጋር ይኑር" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ምን ትጠብቂያለሽ? ሻንጣውን ከመኪናው አውርጂ!" አሉኝ።

ብድግ ብዬ አወረድኩት። እስቲ አሁን ይውሰደኝ!