ጎንደር በሃያ ደቂቃ

ከዓባይ ማዶ የተሳፈርሁበት ታክሲ ወደ ኤርፖርት የሚሄድ ነበር። ከፊቴ ነጭ የጠመጠሙ መሪጌታ ከአንዲት የሥራ ቦርሳ ከታቀፈች ሴት ጎን ተቀምጠዋል።

"ልጄ፣ አውሮፕላኑ ጎንደር ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

"ምን ሰዓት አለው አባቴ፣ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ቀበቶ እሰሩ ብለው ሳይጨርሱ ፍቱ ይላሉ።"

"ሃያ ደቂቃ! እኛ በጎርጎራ ስንሻገር በጀልባ ሁለት ቀን ነበር፤ ያውም ማዕበል ካልተነሣ።"

"ሁለት ቀን ሙሉ ሐይቅ ላይ? አይሰለችም?"

"ምን ይሰለቻል! ከጓደኛዬ ጋር ዳዊት እየተቀባበልን እንደግም ነበር። አንዱን መዝሙር እኔ፣ ቀጣዩን እሱ። ጎርጎራ ሳንደርስ እንጨርስና እንደገና ከመጀመሪያው እንነሣለን።"

"አሁን እሳቸው የት አሉ?"

"ጎንደር። እሱን ልጠይቅ ነው የምሄደው። ታሟል፤ አንደበቱ ተይዟል አሉኝ።"

"እግዜር ይማራቸው።"

"አሜን። እንደ ድሯችን ዳዊቱን እየደገምሁ ልሄድ ብዬ ነበር፤ በሃያ ደቂቃ ግን የት ይደረሳል?"

"ታዲያ ከዚሁ ይጀምሩታ። ኤርፖርት እስክንደርስ ጊዜ አለ።"

መሪጌታው ዓይናቸውን ጨፍነው አንዱን መዝሙር በለሆሳስ ደገሙና ዝም አሉ።

"ምነው አቆሙ፣ አባቴ?"

"ተራው የእሱ ነው።"

መውረጃዬ በመስኮቱ ሲያልፍ እያየሁት "ወራጅ አለ" ማለት አቃተኝ።