ጉሮሮውን ስለ መክፈቴ የሰጠሁት ቃል

ቃል ሰጪ፦ ንቢት (የመንደር ስሟ ነው፤ በዚሁ እንዲጻፍላት ጠይቃለች)
ዕድሜ፦ 52
ሥራ፦ ገበሬ
አድራሻ፦ የታችኛው መንደር፣ ከአንጥረኛው ቤት ቀጥሎ
ቃሉ የተሰጠው፦ ሰኞ ጠዋት፣ በፖሊስ ጣቢያው ቢሮ

በሰው ማሳ ገብተሽ የሽንኩርት አዝመራ አጥፍተሻል ተብዬ መጠርጠሬ ተነግሮኝ ተረድቻለሁ። ዝም የማለት መብት እንዳለኝም ተነግሮኛል፤ አልፈልገውም።

የመንደራችን መሬት የኖራ ድንጋይ ሲሆን ሥሩ ዋሻ ነው። ወንዝ የለንም። የዝናቡ ውሃ የሚሰርገው በማሳ መካከል ባለ ቀዳዳ ነው፤ ጉሮሮ እንለዋለን። ጉሮሮው ያለበት ማሳ ባለቤት ክረምት ሳይገባ ደለሉንና ቅጠሉን ይጠርጋል፤ በዙሪያው ዘር አይዘራም። ደለል የሚጠራቀመው እዚያ ስለሆነ ከማሳው ሁሉ ለም የሆነው አፈር እሱ ነው። ሁሉም ያየዋል፣ ሁሉም ይተወዋል።

ከሳሽ የሟች ባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዬ ነው። በበጋው በማሳው ያለውን ጉሮሮ በድንጋይ ጠቅጥቆ፣ አፈር አልብሶ ሽንኩርት ተከለበት። ሄጄ ነገርኩት። "ውሃው በሌላ በኩል ይሄዳል፣ አንቺን ምን አስጨነቀሽ?" አለኝ። "በሌላ በኩል ማለት በእኔ ቤት ነው" አልኩት። ሳቀ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወርዶ ውሃው ማሳውን ከሞላ በኋላ በማድቤቴ በር ገባ። በጓዳ የተኙት አማቴ ናቸው፤ የከሳሽ እናት። ከወገባቸው በታች አይንቀሳቀሱም። ልጃቸው ቤቴ ጠባብ ነው ስላለ የሚኖሩት እኔ ጋ ነው። ከአንጥረኛው ጋር ሆነን አልጋውን በድንጋይ ከፍ ብናደርገውም ውሃው ፍራሹን ሊነካ ደረሰ። ተሸክመን እንዳናወጣቸው ደጁ ከቤቱ ይብስ ነበር። ድጅኖዬን አነሳሁ። አማቴ "ወዴት ነሽ?" አሉኝ። "ልጅዎ የደፈነውን ልከፍት" አልኳቸው። "ታዲያ ቆመሽ ምን ታወሪያለሽ?" አሉኝ።

ወገቤ ላይ ገመድ አሰርኩ፤ ጫፉን አንጥረኛው ያዘ። ድንጋዩን በድጅኖ ስፈነቅለው መሬቱ ከነሽንኩርቱ፣ ከነአጥሩ ወደ ታች ሄደ። እኔም አብሬ ልሄድ ስል ገመዱ አስቀረኝ። ዋሻው ከሥሬ ሲያጓራ ሰማሁ። በዚያች ሰዓት የተሰማኝ ደስታ ነው፤ ይጻፍልኝ።

ዋርሳዬ ዝናቡ ሲያባራ መጣ። መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ሽንኩርቱ ነው። ስለ እናቱ የጠየቀው አንጥረኛው ካስታወሰው በኋላ ነው።

በቂም ነው ያደረገችው ብሏል። ቂምማ አለኝ። ባለቤቴ በሞተ በዓመቱ የማርሰውን ማሳ ልቀቂ ብሎ ሽማግሌ የላከብኝ እሱ ነው። ያን ቀን ግን ከቤት ያስወጣኝ ውሃው ነው።

ይቅርታ ጠይቄ ጉሮሮውን መልሼ ከደፈንኩ ክሱን እንደሚተው ተነግሮኛል። ክረምቱ ገና መግባቱ ነው። አልደፍንም። የምታስሩኝ ከሆነ አማቴን ወስዳችሁ ለልጃቸው አስረክቡልኝ፤ የቤቱን ጥበትም በዚያው ታዩታላችሁ።

ቃሌ ተነቦልኛል። መርማሪው "በድንጋጤ ተገፋፍቼ" ብሎ የጻፈው ለእኔ አዝኖ መሆኑ ገብቶኛል፤ አመሰግነዋለሁ፤ ግን አሰርዤዋለሁ። አልደነገጥኩም፤ አስቤ ነው ያደረግኩት። የቀረው ሁሉ ከአፌ የወጣ እውነት ስለሆነ ፈርሜበታለሁ።

የቃል ሰጪዋ ፊርማ ____________
የመርማሪው ፊርማ ____________
(ስርዙ የተደረገው በቃል ሰጪዋ ጥያቄ ነው።)